የጋራዥ ግቢ እርሳስና የባቄላ ባክቴሪያ

ሰላም ወንድሜ፣ ድሮ ጋራዥ የነበረ 100 ካሬ ግቢ ገዝተህ አፈሩ ሲመረመር እርሳስ (መርዛማው ብረት) በኪሎ 600 ሚሊግራም ወጣብህ፣ አሁን የሱፍ አበባ ዘርቼ የባቄላ ባክቴሪያ ብጨምርበት በአንድ ክረምት ይጸዳልኛል ወይ ነው ያልከው። አይጸዳም።

ባክቴሪያ እርሳስ አይበላም። ናፍጣ ቢሆን ይሰባብረዋል፣ እርሳስ ግን ኤለመንት (ከዚያ በላይ የማይሰባበር ንጥረ ነገር) ስለሆነ የትም አይጠፋም፣ ባክቴሪያው ተክሉን ነው የሚያግዘው፣ እነ ባሲለስና ሱዶሞናስ ሥሩ ላይ ተለጥፈው ሥር የሚያሳድግ ሆርሞን ይሰጡታል፣ በመርዙ ሲጨነቅ የሚያመነጨውን ኤቲሊን (እድገቱን የሚገታ ጋዝ) ይቀንሱለታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አሲድ እየለቀቁ ሄቪ ሜታሉን (እንደ እርሳስ ያለውን ከባድ ብረት) ከአፈሩ ያላቅቁታል። ለካድሚየምና ለዚንክ ደህና ነው፣ እርሳስ ግን አፈሩን ሙጭጭ ነው የሚለው፣ ተክሉ ውስጥ የገባውም አብዛኛው ሥር ላይ ይቀራል።

እስቲ ሂሳቡን እንምታው። 100 ካሬ በ20 ሳንቲም ጥልቀት ወደ 26 ቶን አፈር ነው፣ ከ600 ወደ 100 ለማውረድ 13 ኪሎ እርሳስ ማውጣት አለብህ። 100 ኪሎ ደረቅ የሱፍ አበባ ብታጭድና በኪሎ 100 ሚሊግራም ቢይዝልህ (ያውም ለእርሳስ ብዙ ነው) 10 ግራም ነች። 1,300 ጊዜ ልትዘራ ነው እንግዲህ! የገዛኸው የባቄላ ባክቴሪያ ፓኬትም ራይዞቢየም የሚባለው ነው፣ ከባቄላ ጋር እንጂ ከሱፍ ጋር አይሠራም፣ ባቄላ ለሚዘራ ጎረቤት ስጠው።

እኔ ብሆን ማውጣቱን ትቼ ባለበት አስረው ነበር። የባትሪ አሲድ ከፈሰሰበት ፒኤቹ (የአፈሩ አሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ወርዶ ይሆናል፣ አስለካና ከ6 በታች ከሆነ ኖራ ጨምር፣ መጠኑን ላቡ ይንገርህ፣ ከዛ ኮምፖስት አልብሰህ ቬቲቨር ሳር ትከልበት። ባክቴሪያ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅምህ፣ የባሲለስ ዱቄቱን ክሎሪን በሌለው ውሃ በጥብጠህ የችግኙን ሥር ነክረህ ወደ ማታ ትከል፣ ፀሐይ ሊጎዳው ይችላል። ፎስፌት ያሟሟል ተብሎ የሚሸጠውን ግን አትውሰድ፣ አብዛኛው አሲድ የሚለቅ ስለሆነ በኖራ ያሰርከውን መልሶ ሊፈታብህ ይችላል። ጎመንና ሰላጣ መሬቱ ላይ እንዳትሞክር፣ ከፈለግክ ወፍራም ሸራ አንጥፈህ ከላይ ሌላ አፈር ሙላ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ላብ የወሰድከው ናሙና ከግቢው ሁሉ የተቀላቀለ ከሆነ ባትሪ ይደፋበት የነበረውን ጥግ ለብቻው አስመርምር፣ እዛ 600 ሳይሆን በሺ የሚቆጠር ሊወጣ ይችላል፣ እሱን ጥግ ሳር አይበቃውም፣ ወይ ተቆፍሮ ይወጣል ወይ በኮንክሪት ይሸፈናል።