አዲስ ሰው መጥቶ ለምን አይመለስም?

እኅቴ፣ በሜሪላንድ በሚገኝ አነስተኛ የኤፒስኮፓል (በአሜሪካ የአንግሊካን ወገን የሆነች) ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ተቀባይ ሆነው መመደብዎን ገልጸው፣ «አዲስ ሰው ይመጣል፣ በሩ ላይ በደስታ እንቀበለዋለን፣ ዳግመኛ ግን አናየውም፤ ምን እናድርግ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም በሌላ ግዛት በዚሁ አገልግሎት ዓመታት ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርዎ።

በሩ ላይ ፈገግ የሚል ሰው አይጠፋም። እንግዳው የሚቸገረው ከተቀመጠ በኋላ ነው። የጸሎት መጽሐፍ፣ የመዝሙር መጽሐፍና የዕለቱ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሕዝቡ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ይንበረከካል፤ እርሱ ገጽ ያገላብጣል። በፈረንጆቹ የ1979ኙን የጸሎት መጽሐፍ ይዛችሁ ሁለተኛውን ሥርዓት (Rite II የሚባለውን፣ በዘመናዊ እንግሊዝኛ የተጻፈውን) የምትከተሉ ከሆነ፣ የእሑዱ አገልግሎት ከገጽ 355 ይጀምራል፤ ከጸሎተ ሃይማኖት በኋላ ለምልጃው ከ383 ጀምሮ ወዳሉት ገጾች ይዘለላል፤ ለኑዛዜው ደግሞ ወደ 360 ይመለሳል። የለመደ ሰው ይህን ሳያስበው ያደርገዋል፤ አዲሱ ግን እዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ከበሩ አንድ ሰው ቀንሳችሁ አጠገቡ አስቀምጡ። ገጹን በጣቱ የሚያሳይ አንድ ዝምተኛ ጎረቤት በሩ ላይ ከሚቆሙ አምስት ሰዎች ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ቅዱስ ቁርባኑ ነው። አግዳሚው በሙሉ ተነሥቶ ሲወጣ እንግዳው ብቻውን ይቀራል፤ ወይም ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ይከተላል። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት የተጠመቀ ክርስቲያን ሁሉ፣ ከየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ፣ መቀበል ይችላል። መቀበል የማይፈልግ እጆቹን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ ቡራኬ ይቀበላል፤ ወይም በቦታው ይቆያል። ይህን ቄሱ በየሳምንቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገሩት፤ ወረቀቱም ላይ ይታተም።

እባክዎ ወገኖቻችን ሲመጡ ይህን ያስቡልኝ። ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የመጣ ሰው ሳይጾም፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ሳይመክር መቁረብ ለእርሱ የማይታሰብ ነው፤ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን መቁረብንም የራሱ ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድለትም። «ና፣ ሁሉም ይችላል» ብሎ እጁን መሳብ ደግነት ይመስላል፤ እርሱን ግን ያስጨንቀዋል። ከመካነ ኢየሱስ የመጣው በበኩሉ የሉተራን ሥርዓት የለመደ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ብዙም አይከብደውም፤ እርሱን የሚያስቸግረው ቋንቋው ነው።

የመቀመጫን ነገር ቀላል አያድርጉት። «ይህ የእኛ ቦታ ነው» የሚል አንድ ነባር አባል የሌሎቻችሁን ድካም ሁሉ ያፈርሳል። ድሮ በብዙ ደብሮች አግዳሚ ወንበር ለቤተሰብ ይከራይ ነበርና ልማዱ ሥር አለው። አብሳሎም ጆንስንም ያስታውሱ። በፊላዴልፊያ በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ምእመናን በተንበረከኩበት ተነሡ ሲባሉ ከባልንጀሮቹ ጋር ወጣ፤ በፈረንጆቹ 1794 እነርሱ ያቋቋሟት የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን በኤፒስኮፓል ሥር ተቀባይነት አገኘች፤ እርሱም በኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ቄስ ሆነ። በዓሉ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 13 ቀን ይታሰባል። በዚያ ሰሞን እሑድ ስለ መቀመጫ ቢነገር ነባሩ አባል ያለ ቅሬታ ይሰማል።

ከአገልግሎቱ በኋላ ያለው የቡና ሰዓት ሰው የሚያዝንበት ሰዓት ነው። ወዳጆች ተሰብስበው ያወራሉ፤ እንግዳው ስኒውን ይዞ ግድግዳ ይደገፋል። እኛ ጋ መጀመሪያ ያሉትን ደቂቃዎች ማንም ከወዳጁ ጋር እንዳያወራ ተስማማን፤ ለውጡ ወዲያው ታየ። በአገልግሎቱ መካከል ግን «አዲሶች ተነሡና ራሳችሁን አስተዋውቁ» አትበሉ። ዓይን አፋሩን ታስሸሹታላችሁ። ስሙን ጠይቀው፣ ቤትዎ ሲደርሱ ጽፈው፣ በሚቀጥለው እሑድ በስሙ ይጥሩት። ለእኔ ከሁሉ የሠራው ይህ ነው።

ስለ አባልነት ቅጽ ለጠየቁት፦ በመጀመሪያው ቀን አይስጡ። በሌላ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ዳግመኛ አይጠመቅም፤ ይህን የማያውቁና የሚፈሩ አሉና ሲጠይቁ ይንገሯቸው። አዲስ የሚገቡትን እጅ ጭነው የሚቀበሉት ጳጳሱ ስለሆኑ፣ የጳጳሱ ጉብኝት ሲቃረብ ቄሱ የመዘጋጃ ትምህርቱን ጊዜ ያሳውቃሉ፤ የሚፈልግ ያኔ ይመዘገባል። የማይፈልግም በየእሑዱ ቢመጣ ወንበሩ አለለት።