ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለምትማሩ፦ ጠይቁኝ፣ ግን ሰነዱን አንብባችሁ ኑ

ዛሬ ማታ ጥቂት ሰዓት አለኝ። ይህን ትምህርት ተምሬዋለሁ፣ ለዓመታትም አስተምሬዋለሁ። የእኔ ነገር የውሃ ስምምነት ነው። ስለ ቪዛ አትጠይቁኝ።

ፍሬሽማን ነኝ፦ ጋሼ፣ ግሎባል ትሬንድስ ወድጄዋለሁ። ዲፓርትመንቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ያ ኮርስ መቅመሻ ነው። ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝም እያለ የንድፈ ሐሳብ ስም ያስተዋውቅሃል። ረጅምና ደረቅ ሰነድ ማንበብ የማይሰለችህ ከሆነ ምረጥ። በሃንድአውት ብቻ አልፋለሁ ካልክ ይቅርብህ።

ድሬ፦ ተመርቄ አፍሪካ ኅብረት እገባለሁ?

መልስ፦ ሕንፃው አዲስ አበባ ስለሆነ ለእኛ አያደላም። የአባል አገሮች ኮታ አለ። ፈረንሳይኛ ተማር።

የባሕር ዳሯ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን በዓባይ ላይ ልሠራ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እሰይ! እ.ኤ.አ. ከ1902ቱ ውል ጀምሪ፤ አንቀጽ 3። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ ላይሠሩ ተስማሙ። ጠቡ ያለው «የሚያግድ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ጨርሶ ማስቆም ነው ወይስ መቀነስንም ይጨምራል? ቀጥለሽ ወደ 1959 እለፊ። የዓባይን ውሃ በዓመት ግብፅ 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው በውል ተካፈሉ። ኢትዮጵያ አልፈረመችም። ያልፈረመ አገር ያለ ፈቃዱ በሌሎች ውል አይገደድም፤ ይህን በ1969ኙ የቪየና የውል ሕግ አንቀጽ 34 ታገኚዋለሽ። ከዚያ በ2010 ለፊርማ የቀረበው፣ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የዓባይ ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት አለ። «የውሃ ደኅንነት» የሚለውን አንቀጽ 14(ለ) ሳታነቢ አንድ መስመር እንዳትጽፊ። ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ስለ ህዳሴ ግድብ የፈረሙትን የካርቱሙን የ2015 መግለጫም አትርሺ፣ አሥር መርሆዎች ናቸው። ሰነዱን ራሱን አንብቢ! የሰው ማጠቃለያ አይበቃም።

ጨዋታ፦ ስለ ዓለም ፖለቲካ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። ቀጣይ።

የጎንደር ልጅ፦ ቃል ከተነሳ ውጫሌስ? አንቀጽ 17 የትርጉም ስህተት ነበር።

አራት ኪሎ፦ የምን ስህተት! አማርኛው ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መገናኘት «ይችላሉ» ይላል፣ ጣልያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። ይህ በእንቅልፍ ልብ የሚጻፍ ነው?

የጎንደር ልጅ፦ አንተ ጣልያንኛ ትችላለህ?

አራት ኪሎ፦ አንተስ አማርኛውን አይተኸዋል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። አንቀጽ 19ን አንብባችኋል? ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም ይስማማሉ፣ እኩል የታመኑ ናቸው ይላል። እንግዲህ ሮም በየትኛው ሕግ ነው የራሷን ብቻ የያዘችው? አድዋ ሳይደረስ በፊት ክርክሩ እዚያ ላይ አልቋል። ሰነዱን አንብቡ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ይህን ተምሮ ሥራ ይገኛል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ወደ ላይ ወጣ በል።

የባሕር ዳሯ፦ የ1902ቱን አማርኛ ቅጂ ከየት አገኛለሁ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ከአማካሪሽ ደብዳቤ አጽፊና ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄደሽ ጠይቂ። ካገኘሽው እንግሊዝኛውን አጠገቡ አድርገሽ ቃል በቃል አስተያዪ፣ በተለይ አንቀጽ 3ን። ያየሽውን እዚሁ ንገሪን፤ እኔም እጠብቃለሁ።

ጨዋታ፦ ጋሼ፣ የካናዳ ቪዛስ?

መልስ፦ ደህና እደሩ።