ከቆመ በኋላ የተመለሰ ደም ወር አበባ አይደለም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 53 ዓመቴ ነው። ደሴ ነው የምኖረው፤ ሰኞ ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። ወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሌሊት ሰውነቴ ይነድዳል፣ በላብ ተጠምቄ ብርድ ልብሱን ወርውሬ እነሳለሁ። ኮምቦልቻ ልጄ ጋ ስወርድማ መግቢያ አጣለሁ። ታይፎይድ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ገዝቼ ወስጃለሁ። በኋላ ጎረቤቴ "ሆርሞንሽ አልቆ ነው" ስትለኝ የወሊድ መከላከያ እንክብል ጀመርኩ፤ ሙቀቱ ቀነሰልኝ። እንክብሉን ከመጀመሬ በፊት ሦስት ጊዜ ጠብ ያለ ደም አይቼ ነበር፤ አሁን በየወሩ ይመጣል። ሴቶቹ "ወጣትነትሽ ተመለሰ" ይሉኛል። ከባለቤቴ ጋር መገናኘትም ያመኛል። የደም ግፊት አለብኝ። ታላቅ እህቴ በማህፀን በሽታ ነው ያረፈችው። የማረጥ ሆርሞን የሚሉት ካንሰር ያመጣል ወይ? የጀመርኩትንስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ሆርሞን ነው። ያስፈራዎት ግን እህትዎን የወሰደው በሽታ እርስዎንም ይዞ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ ከሱ ልጀምር። ላይሆን የሚችልበት ዕድል በጣም ይበልጣል። ካረጡ በኋላ ደም ካዩ 10 ሴቶች መካከል የማህፀን ካንሰር የሚገኝባት አንዷ ያህል ናት። በሌሎቹ ብዙውን ጊዜ የብልት ወይም የማህፀን ግድግዳ ሳስቶና ደርቆ ነው፣ አለያም ትንሽ ሥጋ በቅሎ። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ግን እኔም ሆንኩ ጎረቤትዎ በግምት ልንነግርዎት አንችልም። ይህ ሳምንት ሳያልቅ ይታዩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወር አበባ 12 ወር ሙሉ ከጠፋ ሴቲቱ አርጣለች እንላለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደም ወር አበባ አይደለም። ጠብታ ቢሆንም አይደለም። ቡናማ ቢመስልም፣ አንድ ቀን ታይቶ ቢጠፋም፣ ከግንኙነት በኋላ ብቻ ቢሆንም አይደለም። "ወጣትነት ተመለሰ" የሚባለው ነገር ስንት እናት እንዳዘገየብን ልነግርዎት አልችልም። ደሙን ስታይ አንዷ ሰላት ታቋርጣለች፣ ሌላዋ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከደጅ ትቆማለች፤ ወር አበባ መስሏቸው ነው። ሲቆም ደግሞ "አለፈልኝ" ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሐኪም ዘንድ የሚመጡት ደሙ ሲሸት፣ ወገብ ሲያም፣ ሰውነት ሲከሳ ነው።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እናገራለሁ? የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ገና ሲጀምር ራሱን የሚያስታውቀው በደም ስለሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ማህፀኑን በማውጣት ይድናል። የማህፀን በር ካንሰርም በደም ሊታወቅ ይችላል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ዋና መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ እህት ስለታመመች ብቻ አይወረስም። የእህትዎ በሽታ የትኛው እንደነበር የሚያውቅ ዘመድ ካለ ግን ጠይቀው እርስዎን ለምትመረምረው ሐኪም ይንገሩ። የማህፀን ግድግዳ ካንሰር አንዳንዴ በቤተሰብ ይሄዳል።

ምርመራው የሚፈራ አይደለም። የማህፀን በር በዓይን ይታያል። ግድግዳው ወፍሮ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ይለካል። ካስፈለገ በቀጭን ቱቦ ናሙና ይወሰዳል፤ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያማል፣ ቶሎም ያልፋል። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የማህፀን ሐኪሞች ስላሉ አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት አይኖርብዎትም።

አሁን ስለ እንክብሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። የወሊድ መከላከያ የማረጥ ሕክምና አይደለም። በውስጡ ያለው ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ለማረጥ ከሚሰጠው በጣም ይበረታል። 53 ዓመት የሞላት፣ ግፊት ያለባት ሴት ስትወስደው ደም ሊረጋባት፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ስትሮክ ሊያስከትልባት ይችላል። ጎረቤትዎ በፍቅር ነው የመከረችዎት፣ ግፊትዎን ግን አልለካችም። ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ እንክብሉ ራሱ በየወሩ ደም ያመጣል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ያዩት ደም ከሥሩ ተሸፈነ፤ አሁን የቱ ከየት እንደመጣ መለየት አስቸጋሪ ሆነ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ያቁሙት። ሲያቆሙ ደም ሊመጣ ይችላል፣ አይደንግጡ። ቀኑን ይጻፉት፣ ባዶውን ካርቶንም ይዘው ይሂዱ። አንድ እግርዎ ካበጠና ካመመዎት፣ በድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት፣ ፊትዎ ከተጣመመ ወይም አንደበትዎ ከተያዘ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ታይፎይድ ነው ብለው ሳይመረመሩ የወሰዱት መድኃኒትም እንዳይደገም። ታይፎይድ ሌሊት አምስት ደቂቃ አንድዶ፣ አልቦ፣ ወዲያው አይተውም፤ እንዲህ የሚያደርገው የማረጥ ሙቀት ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የማረጥ ሆርሞን እንደሚወራው ጭራቅ አይደለም። ፍርሃቱ የተስፋፋው በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ትልቅ ጥናት ከወጣ በኋላ ነው። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉትን ሁለት ሆርሞኖች አብረው የሚወስዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ትንሽ ጨምሮ ተገኘ፦ በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ያህል ተጨማሪ። የተጠኑት ሴቶች አማካይ ዕድሜ ደግሞ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ የቆዩ ናቸው። ዛሬ የምናውቀው፣ ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነና ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀቱ ኑሮዋን ላወከባት ጤነኛ ሴት ብዙውን ጊዜ ጥቅሙ እንደሚበልጥ ነው። ሙቀቱን ከሆርሞን በላይ የሚያበርድ መድኃኒት የለም። አጥንትንም ያጠነክራል።

ነገር ግን ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ለብቻው መውሰድ የለባትም። ብቻውን ከሆነ የማህፀኑን ግድግዳ እያወፈረ ለካንሰር ያጋልጣል። ፕሮጄስትሮን የሚጨመረው ለዚህ ነው። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደም ረግቶባት ወይም ስትሮክ ይዟት የሚያውቅ፣ ጉበቷ የታመመ ሴትም አትጀምርም። ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚያያትም እንደዚሁ፣ እስኪታወቅ ድረስ። እርስዎ አሁን እዚህ ላይ ነዎት። ስለዚህ ለጊዜው መልሴ "አይ፣ ገና" ነው። ምርመራው ንጹሕ ከሆነና ግፊትዎ ከተስተካከለ ስለ ሆርሞን ከሐኪምዎ ጋር በግልጽ መነጋገር ይችላሉ። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ከተገኘ ደም በማርጋት በኩል ከሚዋጠው ይሻላል።

እስከዚያው ቀላል የጥጥ ልብስ ይደራርቡ፤ ሲሞቅዎት ከላይ ያለውን ማውለቅ ነው። ማታ ማታ ቡናና የሚያቃጥል ወጥ ሙቀቱን ከቀሰቀሱብዎት ይቀንሱ። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፣ ይጠጡት፤ ሙቀቱን ግን አያጠፋም። ሆርሞን የማይስማማት ሴትም ተስፋ አትቆርጥ። ለድብርት ከምንሰጣቸው መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በትንሽ መጠን ሙቀቱን ይቀንሳሉ፣ ይህም ሐኪም ሲያዝ ነው።

ስለ ባለቤትዎ በአንድ መስመር ብቻ አልፈውታል። ሕመሙ ከድርቀት ሊሆን ይችላል፣ በጣም የተለመደ ነው። ከምርመራው በኋላ ብልት ላይ የሚቀባ ኢስትሮጅን ሊታዘዝልዎት ይችላል፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ወደ ደምም እምብዛም አይገባም። እስከዚያ ማለስለሻ መጠቀም ይቻላል። ለባለቤትዎም "ያመኛል" ይበሉት፤ ዝም ሲሉ የጠሉት ሊመስለው ይችላል። ለሐኪሟም ከግንኙነት በኋላ ደም አይተው እንደሆነ ሳትጠይቅዎት ይንገሯት።