«ኃላፊነቱን ወሰደ» የሚባለው ገዳዩ ነው ሹሙ?

ጥያቄ፦ «መምህር ሰላም ነው? ከድሬዳዋ ከዚራ ነው የምጽፍልህ። በርጫ ላይ ከልጆቹ ጋር ተከራከርን። ዜናው ‹ቡድኑ ለፍንዳታው ኃላፊነቱን ወሰደ› ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ጥቃቱን ሳያስቆም የቀረው የደኅንነት ሹም ‹ኃላፊነቱን እወስዳለሁ› ብሎ ሥራ ይለቃል። አቦ፣ ገዳዩም ወሰደ፣ ጠባቂውም ወሰደ! የቱ ነው ልክ?»

መልስ፦ በ«አንተ» ስለጻፍክልኝ ደስ ብሎኛል፤ ድሬ ድሮም አንቱታ አታበዛም።

እኔን ካልከኝ ሁለቱም አይጥሙኝም። የቡድኑ ከውጭ ዜና ሲተረጎም የተለመደ ነው። ኃላፊነት የተሰጠህ አደራ ነው፤ ቦምብ ላፈነዳ ሰው ማን አደራ ሰጠው? «ጥቃቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ አለ» ቢባል ይበቃል። የሹሙም ቢሆን ያስቀኛል። ኃላፊነቱን የወሰደው እኮ የተሾመ ቀን ነው! አሁን የቀረው መጠየቅ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 12 ሁለቱን ቃላት በቅደም ተከተል ነው ያስቀመጣቸው፤ ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል ይላል።

የስሪ ላንካን ጉዳይ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2019 የፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 21፣ አብያተ ክርስቲያናትና ሆቴሎች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከ260 በላይ ሰው አለቀ። ጥቃት እየተዶለተ ስለመሆኑ ግን ከሕንድ የመጣ ማስጠንቀቂያ በዚያው ወር በ4ኛው ቀን የአገሪቱ የደኅንነት ኃላፊ እጅ ገብቶ ነበር። ይህን በእኛ የመግለጫ አማርኛ ብንጽፈው «የመረጃ ክፍተት በመፈጠሩ ማስጠንቀቂያው ሳይደርስ ቀረ» ነው የሚሆነው። ልብ በል፣ እዚህ ውስጥ ሰው የለም። ክፍተቱ በራሱ ጊዜ ተፈጠረ፤ ማስጠንቀቂያውም መንገድ ላይ ሻይ ሲጠጣ የቀረ ይመስላል። «በመፈጠሩ» ውስጥ የተሸሸገችው የ«ተፈጠረ» «ተ» አድራጊውን ዋጠችው፣ «ቀረ» ደግሞ ጥፋቱን በወረቀቱ ላይ ጣለው። «ኃላፊው መረጃውን ይዞ እርምጃ ሳይወስድ ቀረ» ብትል ግን ወዲያው «ለምን?» የሚል ይመጣል። ሹማምንት «ክፍተት» የምትለውን ቃል የሚወዷት ለዚህ ነው፤ እኔ ተማሪ ሲጽፋት በቀይ አሰምርባታለሁ።

ከዚህ የተለየ የተናገረም አለ። የአሜሪካ የፀረ ሽብር አስተባባሪ የነበረው ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2004 የመስከረም 11 ጥቃት አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ፣ መንግሥት እንዳልታደጋቸው፣ እሱም ራሱ እንዳልታደጋቸው ለሟች ቤተሰቦች በግልጽ ነገራቸው። «እኔ» ብሎ ነው የተናገረው።

ስለዚህ ስትጽፍ «ጥቃቱን ፈጸምኩ አለ» የቡድኑ ይሁን፤ «ተጠያቂ ነው» የሹሙ ይሁን። ግን «ተጠያቂ» ካልክ ጠያቂውንም ጥቀስ፤ ፍርድ ቤት ነው? ምክር ቤት ነው? «ተጠያቂ መሆን አለባቸው» ብቻ ብሎ ማለፍ ወሬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ተጠያቂ ማለት ወንጀለኛ ማለት አይደለም። የስሪ ላንካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ማይትሪፓላ ሲሪሴናን ከገዛ ኪሳቸው 100 ሚሊዮን ሩፒ፣ የፖሊስና የደኅንነት ኃላፊዎቹን ደግሞ እያንዳንዳቸውን 75 ሚሊዮን ሩፒ ለተጎጂዎች እንዲከፍሉ አዟል። ጉዳዩ የመሠረታዊ መብት አቤቱታ ነበር እንጂ የወንጀል ክስ አልነበረም። እና «ጥፋተኛ ተብለው ተቀጡ» ብለህ እንዳትጽፍ፤ «ካሳ እንዲከፍሉ ተወሰነባቸው» ነው ትክክሉ።