የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሬዚኑ ለምን እስከ ጠርዙ አልሰረገም?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በጎንደር ከተማ አነስተኛ የፋይበር ግላስ ወርክሾፕ አለኝ። ለዓመታት በብሩሽና በሮለር ስሠራ ቆይቼ፣ አሁን ጎርጎራ ላይ ለምትንሳፈፍ ጀልባ የመስታወት ክር ጨርቁን በላስቲክ ሸፍኜ አየሩን በቫኪዩም ፓምፕ እየሳብኩ ሬዚን (ሲረጋ የሚጠነክር ፈሳሽ) ማስረግ ጀምሬያለሁ። ሆኖም ከሬዚኑ መግቢያ ርቆ ያለው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። መመሪያው ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 0.95 ባር ማሳየት አለበት ይላል፤ የእኔ ግን ከ0.75 አልፎ አያውቅም። ጥፋቱ የፓምፑ ነው? ወይስ ሬዚኑን በቲነር ላቅጥነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፓምፕዎ ደህና ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 0.78 ባር ያህል ብቻ ነው፤ ጌጁ የሚያሳየው ደግሞ በውጭው አየርና በላስቲኩ ውስጥ ባለው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ ውስጡ ፈጽሞ ባዶ ቢሆን እንኳ ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። መመሪያው የተጻፈው በባሕር ጠረፍ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ነው። ሬዚኑን የሚገፋው ፓምፑ ሳይሆን የውጭው አየር መሆኑን ብዙ ባለሙያ ይዘነጋል።

ነጩ ነገር አየር ነው። መስታወቱና ሬዚኑ ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን ስለሚቀራረብ፣ በደንብ የራሰ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል፤ አየር ያልወጣለት ግን ነጭ ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ መርጠብና መስረግ ሊለዩ ይገባል። መርጠብ የገጽ ጉዳይ ነው፤ የፈሳሹ ጠብታ ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ካነሰ፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ሁሉ ጨርቁም ሬዚኑን በራሱ ይስባል። ርጥበት ወይም የእጅ ቅባት የነካው ጨርቅ ግን ይህን ጠባይ ሊያጣ ይችላል። መስረግ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በ1856 ውኃ በአሸዋ ውስጥ ሲያልፍ ያገኘው ሕግ ለሬዚንም ይሠራል፤ ግፊት ሲጨምር ፍሰቱ ይፈጥናል፣ ፈሳሹ ሲወፍር ይዘገያል። ከዚህም የሚከተለው፣ ሬዚኑ የሚጓዝበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ መሆኑ ነው። በ0.95 ባር 20 ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ በእርስዎ 0.75 ባር 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ ሲሆን ሬዚኑ ስለሚወፍር ከዚያም ይረዝማል። የእርስዎ ሬዚን ጠርዙ ሳይደርስ የረጋው በዚህ ይመስለናል።

መፍትሔውም ከርቀቱ ይጀምራል። መግቢያውን በጀልባዋ ወገብ ላይ አድርገው መውጫዎቹን በሁለቱ ጠርዞች ቢያኖሩ፣ መንገዱ በግማሽ ሲያጥር ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። ሬዚኑንም ማጠንከሪያው ከመጨመሩ በፊት ወደ 25 ዲግሪ ያድርሱት፤ ከዚያ በላይ ማሞቅ ግን መርጋቱን ያፋጥንብዎታል።

ሌላም ነገር አለ። በጨርቁ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የክር ጥቅል እንደ ነዶ የታሰሩ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ስላሉት፣ ሬዚኑ በጥቅሎቹ መካከል በግፊት ሲሮጥ ወደ ጥቅሉ ውስጥ ግን በአብዛኛው በመሳብ ቀስ ብሎ ይገባል። ስለዚህ ሬዚኑ መውጫው ላይ እንደታየ ሁሉንም ለመዝጋት አይቸኩሉ።

ቲነሩን ይተዉት። ሬዚኑን ማቅጠኑ እውነት ቢሆንም፣ በላስቲኩ ሥር ተኖ መውጫ ሲያጣ አረፋ ይሆናል፤ ውስጥ የቀረውም ጀልባዋን ያደክማታል።