ለሊኑክስ ተጠቃሚ ሶፍትዌር ሸጦ መኖር ይቻላል?

እህቴ፣ ዘንድሮ በሶፍትዌር ምህንድስና እንደምትመረቂ፣ ከጓደኛሽ ጋር ለሊኑክስ፣ ማለትም በነፃ ለሚገኘው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና፣ የፋይል መጠባበቂያ ፕሮግራም እንደሠራችሁና ኮዱን ዘግታችሁ (ለሌላ ሳታሳዩ) የመጠቀሚያ ፈቃድ በመሸጥ ለመተዳደር እንዳሰባችሁ ጽፈሽልኛል። «የሊኑክስ ተጠቃሚ ከኪሱ አያወጣም ይሉኛል፤ እውነት ነው?» ብለሽም ጠይቀሻል።

አይደለም። በፈረንጆች 2010 ሃምብል ኢንዲ ባንድል የተባለው የጨዋታዎች ሽያጭ ዋጋውን ለገዢዎች ሲተው፣ በአማካይ ከሁሉም የበለጠ የከፈሉት የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ችግሩ ቁጥራቸው ማነሱ ነው። ታዋቂ ጨዋታዎችን ወደ ሊኑክስ እያዛወረ ለመሸጥ በ1998 የተቋቋመው ሎኪ ሶፍትዌር በ2002 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። በዚያው በ1998 ዳታቤዙን (የመረጃ ቋት ፕሮግራሙን) ለሊኑክስ ያቀረበው ኦራክል የተባለው ኩባንያ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል። ሁዲኒና ማያ የተባሉት የአኒሜሽን ፕሮግራሞችም በፊልም ስቱዲዮዎች ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ፤ የኬደንስና የሲኖፕሲስ ኩባንያዎች የቺፕ ንድፍ መሣሪያዎችም እንዲሁ። የሙሉ ፈቃዳቸውን ዋጋ ግለሰብ በቀላሉ አይደፍረውም፤ በአብዛኛው የሚከፍለው ሥራው የቆመበት ድርጅት ነው።

ወደ እናንተ ፕሮግራም ልምጣ። ቤቱ ሊኑክስ የጫነ ሰው አርሲንክ፣ ቦርግ፣ ታይምሺፍት የተባሉ የመጠባበቂያ ፕሮግራሞች አሉለት፤ ሁሉም ነፃ ናቸው። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍቶ አንድ መስመር ይጽፋል፣ ክሮን በተባለው የሰዓት ቀጣሪ ፕሮግራም ሌሊት ሌሊት እንዲሠራ ያዝዘዋል፣ አለቀ። ይባስ ብሎ ለጓደኞቹም ያስተምራቸዋል! የሆስፒታል ወይም የባንክ ሰርቨር ኃላፊ ግን ጭንቀቱ ሌላ ነው። ዳታቤዙ ቢበላሽ በስንት ደቂቃ ይመለሳል? ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማን ነው? ቪም (Veeam) የመሰሉ የመጠባበቂያ ሶፍትዌር ኩባንያዎች የሚሸጡት ለዚህ ሰው ነው። እናንተም ከፈቃዱ ይልቅ ዓመታዊ የድጋፍ ውል ብትሸጡለት ይሻላል።

ድካሙንም አትናቂው። በአዲስ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ የተጠናቀረ፣ ማለትም ከኮድ ወደሚሠራ ፋይል የተቀየረ፣ ፕሮግራም አሮጌ ሰርቨር ላይ ሲጫን የሚፈልገውን የግሊብሲ (የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊ የኮድ ስብስብ) ስሪት አጥቶ አልነሣም ይላል፤ ስለዚህ ልትደግፉት ባሰባችሁት እጅግ አሮጌ ስሪት ላይ አጠናቅሩ። የተጠቀማችሁባቸውን ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ፈቃድም አንድ በአንድ አንብቡ፤ ከመካከላቸው በጂፒኤል፣ ማለትም በእሱ ላይ የተሠራው ፕሮግራም ኮድም ክፍት እንዲሆን በሚያስገድደው ፈቃድ፣ የወጣ ካለ ኮዱን ዘግታችሁ ማሠራጨት አትችሉም። ከኢትዮጵያ ሆኖ የውጭ ክፍያ መቀበልም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ የመጀመሪያ ደንበኛችሁን እዚሁ ብትፈልጉ እመርጣለሁ።

ኑሮሽን ግን ገና በዚህ ላይ አትጣዪው። የሰርቨር አስተዳዳሪነት ሥራ ፈልጊ፤ ደመወዙ ያኖርሻል፣ ገዢሽ ምን እንደሚያስጨንቀውም ከውስጥ ሆነሽ ታዪያለሽ። ፕሮግራሙን በሥራ ማመልከቻሽ ላይ ከውጤትሽ አስቀድመሽ ጻፊው፤ ቀጣሪ የሚያየው እሱን ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ለሙከራ የሚፈቅድላችሁ አንድ ድርጅት ፈልጉና የሰርቨር ኃላፊውን «ከመጠባበቂያ ቅጂ መረጃ መልሳችሁ የሞከራችሁት መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። «ሞክረን አናውቅም» ካለሽ ዋጋ ለመጥራት አትፈሪ።