መንታ፣ ድርብ ወይስ ጥንድ?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በአንድ ጋላክሲ ማእከል ስለሚገኙ ሁለት እጅግ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች (ብርሃን እንኳ ከስበታቸው የማያመልጥ የሰማይ አካላት) ሳስረዳ «ድርብ ጥቁር ጉድጓድ» እላለሁ፤ ተማሪዎቼ ግን «መንታ» ይላሉ። የማንኛችን ነው ትክክሉ? «ጥንዶቹ» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ እኔ ሁለቱንም ትቼ «ጥንድ» የሚለውን እመርጣለሁ።

«መንታ» ከአንድ ማሕፀን አብረው የወጡትን ይመለከታል፤ ከልደት ውጭ ሲነገርም ይህ ትርጉም አይለቀውም። እርስዎ ከድሬዳዋ ወደ እኛ ወደ ሐረር ሲመጡ ደንገጎ ላይ መንገዱ ወደ ሐረርና ወደ ቁልቢ ይከፈላል፤ ያንን መንታ መንገድ የምንለው አንዱ ለሁለት ስለተከፈለ ነው። ጥቁር ጉድጓዶቹ ግን ታሪካቸው የተገላቢጦሽ ነው። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጋላክሲ ማእከል ካደጉ በኋላ፣ ጋላክሲዎቹ ተጋጭተው ሲዋሐዱ ወደ አንድ ስፍራ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ኤንጂሲ 6240 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ያሳያቸው ሁለቱ፣ 3,000 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ያህል ተራርቀው የሚገኙት፣ የዚሁ ምሳሌ ናቸው።

«ድርብ» ደግሞ አንዱን ነገር በእጥፍ ያሳያል። ድርብ ሰረዝ ሁለት ምልክት ሳይሆን አንድ ምልክት እንደሆነ ሁሉ፣ «ድርብ ጥቁር ጉድጓድ» የሚለውን ያነበበ ተማሪም አንድ ባለ ሁለት ክፍል ጉድጓድ ቢመስለው አይፈረድበትም። («ድርብ ኮከብ» በመጻሕፍት ስለሰነበተ ልንነካው አይገባም።)

«ጥንድ» የትውልድ ምንጭ አይጠይቅም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ ሲያርሱ፣ በሬዎቹ ከየትም ቤት ይምጡ ጥንድ ናቸው፤ ከሁለት ጋላክሲዎች የመጡት ጥቁር ጉድጓዶች ነገርም ከዚህ አይለይም። እንዲያውም አንድ ቀንበር የተሸከሙትን ለይቶ የሚጠራ «ጥማድ» የሚል ቃል አለን። ልዩነቱ ለእርስዎ ትምህርት ይጠቅማል፤ የኤንጂሲ 6240ዎቹ ገና ተራርቀው ሲገኙ፣ በ0402+379 ጋላክሲ በራዲዮ ቴሌስኮፖች የታዩት ግን በ24 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ሆነው አንዱ ሌላውን እየዞሩ ናቸው፤ አንዱን ዙር ለመጨረስም 30,000 ዓመት ያህል እንደሚፈጅባቸው ይገመታል። እነዚህን «ጥማድ» ለማለት ዳድቶኝ ነበር፤ ሆኖም ቃሉ የእርሻ መሬት ልክም ስለሆነ «በስበት የተሳሰረ ጥንድ» ማለቱ ይሻላል።

ስለ ብዙ ቁጥሩ፦ በሠርግ ጥሪ ወረቀት ሙሽራውና ሙሽሪት «ጥንዶቹ» መባላቸው ተለምዷል፤ እኔም አልከራከርም። በሳይንስ ጽሑፍ ግን ቁጥር ስለሚቆጠር «ሦስት ጥንዶች» ስድስት ጥቁር ጉድጓዶች መሆን አለባቸው። ስለዚህ ስለ አንዱ ሲጽፉ «ጥንዱ ይዞራል» ወይም «ሁለቱ ጥቁር ጉድጓዶች ይዞራሉ» ይበሉ። «ጥንዶች» የሚያስፈልገን እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነውን ግኝት ስንገልጽ ነው፤ ተመራማሪዎች የፑልሳሮችን (እየተሽከረከሩ የራዲዮ ምት የሚልኩ የሞቱ ኮከቦችን) ምት ለዓመታት በመለካት የደረሱበት የዝግተኛ ስበት ሞገዶች (ግዙፍ አካላት ሲዞሩ በኅዋ ውስጥ የሚፈጥሩት ንዝረት) ጉርምርምታ፣ በመላው ዩኒቨርስ ከተበተኑ እጅግ ብዙ ጥንዶች በአንድነት የሚመጣ ሳይሆን አይቀርም።